የእትዬ ስፌት

እንዝርት የሚለውን ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። በልጅነቷ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማይሆንላት፣ እየተሽከረከረች የምትውል፣ የጎረሰችውን እስክትውጥ እንኳ የማትቀመጥ ልጅ ነበረች። አደገች፣ አገባች፣ ሁለት ልጆች ወለደች፣ የራሷን ሥራ ከፈተች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እንዲያውም በደንብ የተስማማት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሥራዋ የጨርቅ አሻንጉሊት መስፋት ነው። በአንድ ጫማ ጠጋኝና በአንድ ቀለም መሸጫ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። ክፍሏ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ቁርጥራጭ ጨርቅና ሁለት ወንበሮች አሉ። በመስኮቱ የደረደረቻቸው አሻንጉሊቶች አይስቁም። አንዱ ሊያስነጥሰው ደርሶ የቀረበት ነው። አንዷ ሐሜት ሰምታ እንዳልሰማች የሆነች ናት። አንዱ ደግሞ ከእንቅልፉ ያለሰዓቱ ተቀስቅሶ የተኮሳተረ። ለምን ደስ የሚል ፊት እንደማትሠራላቸው የሚጠይቋት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ልጆች ግን አይጠይቁም፤ አንዱን አንስተው ዓይን ዓይኑን ያዩና ደረታቸው ላይ ይለጥፉታል፤ ከዚያ በኋላ ማስመለስ የወላጅ ፈንታ ነው።

ሥራውን ትወደዋለች። ልጆቿንም ትወዳለች። ችግሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውደዷ ነበር። መቁረጫው ላይ ቆማ ትንሹ ልጇ ምሳውን በልቶ ይሆን ትላለች፤ ቤት ገብታ ልጁን እያጠበች የአህያውን ጆሮ በየት በኩል ላቁመው ትላለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ያውቃል። ጓደኞቹ ስለ ሚስቱ ሲጠይቁት፣ "ያገኘኋት በር ላይ ነው፤ እስከ ዛሬም በር ላይ ናት፤ ትግባ ትውጣ ገና አልወሰነችም" ይላቸዋል። እሷም ትስቃለች፤ እየሳቀች ግን ቦርሳዋን ትፈልጋለች።

ታላቅ እህቷን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እንዝርት ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። እትዬ ትምህርቷን አቋርጣ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች እህቷን አበላች፣ አለበሰች፣ አስተማረች። ለትዳር የመጣውን ሁሉ ቆይ ይህች ልጅ ትድረስ እያለች መለሰች፤ ልጅቷ ስትደርስ መምጣት የሚገባቸው ሰዎች መምጣቱን ትተውት ነበር። እንዝርት የራሷን ሥራ ልክፈት ስትል ደግሞ እትዬ ያንኑ የስፌት መኪና ጠራርጋ፣ ዘይት ቀብታ ሰጠቻት። እኔ በቃኝ፣ አሁን ዕረፍቴ ነው አለች። በማግሥቱ ጠዋት ግን ሱቁ በር ላይ ቆማ ተገኘች። መኪናው ሰው ይለምድ ዘንድ ጥቂት ቀን አብሬሽ ልሁን አለች። ያ ጥቂት ቀን ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው።

እንዝርት ይህን ሁሉ ለአንዲት ቀን ረስታው አታውቅም። እትዬ አንድ አሻንጉሊት ሰፍታ በጨረሰች ቁጥር፣ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ትላለች። እትዬ፣ "ለእኔ ደግሞ ምን ምስጋና ያስፈልጋል" ትልና እጇን ታወናጭፋለች። እንዝርት ሥራ በዝቶባት ሳታመሰግን ያለፈች ቀን ግን እትዬ ዝም ዝም ትላለች፤ ወደ ቤቷ ስትሄድም በሩን ከወትሮው ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። ስለዚህ እንዝርት ማመስገን አትረሳም። ጠዋት ታመሰግናለች፣ ቀትር ላይ ታመሰግናለች፣ ማታ ሲለያዩ ታመሰግናለች። አንዳንዴ ምስጋናው ከአፏ ሲወጣ ምን እንደሚል ራሷም አትሰማውም።

ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ደንበኛ እጁ የወለቀ አሻንጉሊት ይዛ መጣች። ልጇ ገና አንድ ቀን ነው የተጫወተበት። እትዬ አሻንጉሊቱን ተቀብላ አገላበጠችና፣ ጥፋቱ የክሩ ነው፣ የዘንድሮ ክር ምኑ ክር ነው ብላ ፈረደች። እንዝርት ክር ለወጠች። ከዚያ ደግሞ የአንዷ ዓይን ጉንጯ ላይ ወርዶ ተሰፋ። ከዚያ ጅራት በሆድ በኩል መጣ። እንዝርት እትዬን አሻግራ ስታያት፣ እትዬ መርፌውን ወደ መስኮቱ ዘርግታ ቀዳዳውን በምላሷ ጫፍ ልትፈልገው ምንም አልቀራት። ጠይቃት ነበር፤ ዓይንሽን አሞሻል ወይ ብላ። እትዬ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ የመስኮቱን መስታወት ማጽዳት ያቃታት ሰው ስለ ሰው ዓይን አያወራም አለቻት። እንዝርት መስታወቱን ወለወለች፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነው በማለዳ ሱቅ መሄድ የጀመረችው። እትዬ የምትመጣው ቀለም መሸጫው ከተከፈተ በኋላ ነው። እንዝርት ከዚያ ቀድማ ትገባና እትዬ ትናንት የሰፋችውን ታወጣለች፤ በምላጭ ጫፍ ትተረትረዋለች፤ እንደገና ትሰፋዋለች። የራሷ ስፌት ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው። የእትዬ ግን፣ በደህናው ዘመን፣ ዘርዘር ብሎ ወደ ቀኝ ትንሽ ያዘነብል ነበር። እንዝርት ያንን አስመስላ ትሰፋለች፤ ብታየው እንኳ የራሷ እንዲመስላት። ሲያልቅ ትርትራሹን ክር ጠራርጋ ኪሷ ትከተዋለች። እትዬ ስትመጣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው።

"ደርሰሻል እንዴ?" ትላለች እትዬ።

"አሁን ገባሁ" ትላለች እንዝርት።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ብዙ ሊቆይ ይችል ነበር። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው በመስኮቱ በኩል ቆሞ ብቻውን ሲስቅ አዩት። የሕፃናት ቲያትር የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ገብቶ እያንዳንዱን አሻንጉሊት አነሳ፤ ሊያስነጥሰው የደረሰውን ሲያይማ ራሱ ሊያስነጥሰው መሰለ። ዝናብ ስለ ጠፋባት ከተማ የሚተርክ ጨዋታ እያዘጋጀ ነበርና እጅ ከውስጥ እየገባ የሚያንቀሳቅሳቸው አሻንጉሊቶች ይፈልጋል፤ ዳኛ፣ ሌባ፣ ዶሮዎች፣ አንድ አህያ፣ አንድ ደመና። ሥራው ከሰመረ ለሚቀጥለውም ጨዋታ እንደሚመጣ ነገራት። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አሳሰበ፦ ተዋንያኑ ስለሚያሽከረክሯቸው አንገታቸው ጠንካራ ይሁን። ልጆች ፊት የዳኛ ራስ ቢወድቅ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል አለ።

እንዝርት ከደስታዋ የተነሳ የምትይዝ የምትጨብጠው ጠፋት። እትዬ ግን ረጋ ብላ መነጽሯን አደረገችና፣ "አንገቱን ለእኔ ተዪልኝ" አለች። "አንገት ቀልድ አይደለም።"

እንዝርት፣ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አለች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ለእንዝርት ሩጫ ብቻ ነበር። ቀን ቀን ፊት ትሠራለች፣ ትቆርጣለች፣ ጥጥ ትሞላለች፤ ጠዋት ጠዋት አንገት ትተረትራለች። ባሏ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ስለሚያወጣ ቤት የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው። ትልቋ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የቤቱን ክርክር ሁሉ የምትፈርደው እሷ ስለሆነች አባቷ ዳኛዬ ይላታል። ታናሽ ወንድሟን ማልበስ የእሷ ሥራ ሆነ። ልጁ ድንቡሼ ነው፤ ሹራብ ውስጥ ከገባ መውጫው ይጠፋዋል። አንድ ቀን ሹራቡን ገልብጦ፣ ግራና ቀኝ የማይገጥም ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት ሄደ። አስተማሪዋ ስትጠይቀው እናቴ አሻንጉሊት እያለበሰች ነው ብሎ መለሰ። አስተማሪዋ ነገሩን እንደ ጨዋታ ለልጁ አባት ነገረችው፤ እሱም እንደ ጨዋታ ለሚስቱ ነገራት። እሷን ግን አላሳቃትም።

የባሰው ሌላ ነው። የትልቋ ክፍል ተማሪዎች የሣሉትን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ወላጆች እንዲያዩላቸው ጋብዘው ነበር። እንዝርት እመጣለሁ ብላ ቃል ገባች። በዚያው ጠዋት ግን የደመናው አንገት፣ ደመና አንገት አለው ከተባለ፣ ስትጎትተው እንደ ወረቀት ተቀደደ። ተርትራ ሰፍታ ቀና ስትል የመሄጃው ሰዓት አልፏል። ሮጣ ደረሰች። የክፍሉ በር ተዘግቶ ነበር፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ወለሉን እየወለወለች ነው። ማታ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። "ምንም አይደል እማ፣ ሥራ ነው" አለቻት፤ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። እንዝርት ብታለቅስልኝ ይሻል ነበር አለች በልቧ።

በዚያ ሳምንት ባሏ ቀልዱን ተወው። ልጆቹ ውጪ ሲጫወቱ ወጥ ቤት ውስጥ ያዛት።

"ለእትዬ ንገሪያት" አላት።

"እንዴት ብዬ?"

"በአፍሽ።"

"ዓይኗ የደከመው ለእኔ ስትሰፋ ነው" አለች እንዝርት። "ያ ሁሉ ዩኒፎርም፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ የእኔን ደብተር ለመግዛት ነው። አሁን ሄጄ በይ ዓይንሽ አልቋልና ወንበሩን ልቀቂልኝ ልበላት? አንተ ትላታለህ?"

ባሏ እሱም እንደማይላት አመነ። እትዬን ሲያይ እሱም ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው ነው። ግን፣ አላት፣ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት እናት እንደሌላቸው መቁጠር ጀምረዋል። እንዝርት የታጠበውን ብርጭቆ አንስታ እንደገና አጠበችው።

ሥራውን ለማስረከብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ እትዬ ሳይታሰብ በጠዋት መጣች። ትናንት የሰፋችው የሌባው አንገት አሳስቧት ኖሯል፤ ጣቷ አንድ ነገር ነግሯት ሳይሆን አይቀርም። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ እንዝርት መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ሌባው ጭኗ ላይ ነው፣ ራሱ በአንድ ወገን ተንጠልጥሏል፣ ቀሚሷ በትርትራሽ ክር ተሞልቷል።

እትዬ ቀረብ ብላ ሌባውን ወሰደችው። የተከፈተውን አንገት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ከመደርደሪያው ዳኛውን አወረደች፤ ዓይኗን ጨፍና አንገቱን ዙሪያውን በጣቷ ሄደችበት።

"ይሄ ያንቺ ነው" አለች።

አህያውን አነሳች። "ይሄም።" አንዷን ዶሮ አነሳች፣ ሁለተኛዋን አነሳች። "ይሄም። ይሄም።"

"እትዬ፣ ክሩ እኮ..."

"ክሩን ተይው።" እትዬ ዶሮዋን በቦታዋ አስቀመጠች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከዓመት ወዲህ" አለች እንዝርት፤ ድምፅዋ ከወዲያ ማዶ የመጣ ይመስል ነበር።

እትዬ ራሷን ነቀነቀች። መነጽሯን ከመኪናው ላይ አነሳች፤ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፤ ወጣች። ጫማ ጠጋኙ እንደ ሁልጊዜው እንዴት አደርሽ እትዬ አላት። መልስ ሳትሰጠው አለፈች፤ ይህ፣ ሰውዬው እዚያ ቦታ ከተቀመጠ ጀምሮ ሆኖ አያውቅም።

እንዝርት ተነስታ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች፤ እንደገና ወጣች። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ስትደርስ አውቶቡሱ ጥግ ሲታጠፍ አየችው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ማታ ባሏን ላከችው። ባሏ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። እትዬ ወንበር አቀረበችልኝ አለ፤ ሥራ እንዴት ነው አለችኝ፤ ልጆቹስ ደህና ናቸው አለችኝ፤ እስከ በር ሸኘችኝ። "እንግዳ አደረገችኝ" አለ። እንዝርት፣ እትዬ ተሳድባ አባራው ቢሆን ለራሷ ምን ያህል እፎይታ እንደሚሆንላት አሰበች።

አሻንጉሊቶቹን በቀኑ አስረከበች። አዘጋጁ የዳኛውን ራስ ይዞ ወዲያ ወዲህ አወዛወዘው፣ ሳበው፣ ጠመዘዘው፤ አንገቱ ንቅንቅ አላለም። እጅዎ ይባረክ አላት። ደስታው አጠገቧ ድረስ መጥቶ ዞር ብሎ ሄደ። ለቅዳሜ ከሰዓት የመክፈቻ ዝግጅት የመግቢያ ወረቀት ለመላው ቤተሰብ ሰጣት። የእትዬን በቦርሳዋ ለብቻው አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ይዛው ወደ እትዬ ቤት ሄደች። ከዚያ በፊትም በሩ ድረስ ሄዳ የተመለሰችበት ቀን ነበር፤ አሁን ግን በሩ ክፍት ነው። እትዬ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየቻት፤ ከሳፋው ውስጥ አንድ አንሶላ አወጣችና ጫፉን ዘረጋችላት።

"ያዢ" አለቻት።

እንዝርት ያዘች። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ሆነው መጠምዘዝ ጀመሩ። ውሃው መሃላቸው ይንጠባጠባል።

"መርፌ ሳስይዝሽ ስንቴ አስለቅሼሻለሁ?" አለች እትዬ።

"ብዙ ጊዜ።"

"ጠማማ ስፌት ሰፍተሽ ዝም ብዬሽ አውቃለሁ?"

"አታውቂም።"

"ተርትሪው ነበር የምልሽ። ታለቅሻለሽ፤ ትተረትሪያለሽ። ክፋቴ ይመስልሽ ነበር?" እትዬ አንሶላውን አጥብቃ ጠመዘዘችው። "ትችላለች ብዬ ነው። የሚችል ሰው ነው ስህተቱ የሚነገረው። አንቺ እኔን ከጀርባዬ እየዞርሽ ታርሚያለሽ፤ ፊቴ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ትያለሽ። ያ ምስጋና አይደለም፤ ምጽዋት ነው የሰጠሽኝ።"

እንዝርት ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የመጣችው። መንገዱን ሙሉ የምትለውን እያዘጋጀች ነው የመጣችው። አሁን ግን የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋና ሌላ ነገር ወጣ።

"መኪናውን ሰጠሽኝ እንጂ ወንበሩን መቼ ሰጠሽኝ?" አለች። "እኔ እንድነግርሽ መቼ ቀዳዳ ተውሽልኝ? ዓይንሽን ብዬ ብጠይቅሽ መስታወት አስወለወልሽኝ። አመሰግንሻለሁ እትዬ፤ እስክሞት አመሰግንሻለሁ። ግን በየቀኑ ማመስገን ደከመኝ። ልጄ ሹራቡን ገልብጦ ይሄዳል። ደከመኝ።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። አንሶላው መሃላቸው እንደ ገመድ ተወጥሮ ቆመ፤ ከዚህ በላይ የሚወጣው ውሃ የለም።

እትዬ የራሷን ጫፍ ቀስ ብላ ለቀቅ አደረገች።

"መብራት ሳይ ዙሪያው ጭጋግ ይሠራብኛል" አለች። "ካየሁት ሁለት ዓመት ያልፈዋል። እኔም ደክሞኛል። ጠዋት ስነሳ ዛሬስ አልሄድም እላለሁ። ደግሞ ወንበሩ ላይ ካልተቀመጥኩ ማን ነኝ እላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ የተቀመጥኩበት ቦታ የለም።"

አንሶላውን አብረው አራግፈው ገመዱ ላይ ሰቀሉት። መግቢያውን ከቦርሳዋ አወጣች። እትዬ ተቀብላ ለዓይኗ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መለሰችላት።

"ዛሬ አልመጣም" አለች። "መጥቼ አየሁ ብዬ አልዋሽሽም። ልጆቹን ሳሚልኝ።"

አልተቃቀፉም። እንዝርት ግን ስትወጣ በሩን እትዬ ራሷ፣ ጠንከር አድርጋ ዘጋችው፤ ያ በእንዝርት ጆሮ ጥሩ ድምፅ ነበር።

ከሰዓት ቲያትር ቤቱ በልጆች ጫጫታ ተናወጠ። ሌባው ደመናውን ሰርቆ ጆንያ ውስጥ ሲከት ድንቡሼው ተነስቶ ለዳኛው ጮኾ ጠቆመ። አዳራሹ ሳቀ። ትልቋ ልጅ ወንድሟን ጎትታ አስቀመጠችውና፣ ዳኛው ማስረጃ ሳይሰማ መፍረዱ ልክ አይደለም ስትል ለአባቷ በጆሮው ነገረችው። እንዝርት መቀመጥ አልቻለችም። አንገት አንገት ብቻ ነው የምታየው። ጨዋታው ሳያልቅ ወደ መተላለፊያው ወጣችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ባሏ ተከትሏት ወጣ። ምን ሆንሽ አላላትም። የማውቀው የዓይን ሐኪም ቤት አለ፣ አውቶቡሴ በሩ ላይ ነው የሚያልፈው፣ ሰኞ ልውሰዳት ወይስ አንቺ ትወስጃታለሽ አላት። እንዝርት እኔ እወስዳታለሁ አለች።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው አለ፤ በሁለቱም ዓይን። በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ መጀመሪያ አንዱ፣ እሱ ሲድን ሁለተኛው። በእነዚያ ሳምንታት ጠብታ የሚያደርግላት፣ የሚያበስልላት፣ ጎንበስ እንዳትል የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋል። በዚያው ሰሞን የቲያትር ቤቱ አዘጋጅ ደወለ። ጨዋታው ተወዷል፤ ለሚቀጥለው አሁኑኑ ይጀመር አለ። እንዝርት ትንሽ እንዲታገሳት ለመነችው። ሰውዬው ቅን ሰው ነበር፤ አዘነላት፤ እህቷን እግዜር እንዲምርላት ተመኘላት፤ ሥራውን ግን ለሌላ ሰጠ።

ያንን ከልቧ ደስ ብሏት ነው ያደረገችው ማለት ውሸት ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ አንዲት ያላለቀች ዶሮ አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረቻት። ከዚያ አንስታ አቧራዋን አራገፈችላት። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁም እጇ አላርፍ ብሎ ከቦርሳዋ ጨርቅ አወጣች፤ ነርሷ እዚህ መርፌ የምንይዘው እኛ ነን ብላ አስከተተቻት። እትዬ በዚያ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች።

የመጀመሪያው ዓይኗ ፋሻ የተነሳላት ቀን እትዬ ዓይኗን ከፈት ከደን አደረገች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ እህቷን አየቻት፤ ብዙ አየቻት።

"አርጅተሻል" አለች።

"አመሰግናለሁ" አለች እንዝርት።

"ይኸውልሽ፣ እንዲህ ነው እውነት የሚነገረው" አለች እትዬ፤ እጇንም ያዘቻት።

ሁለተኛው ዓይን ከዳነ በኋላ እትዬ ሱቁን ልትጎበኝ መጣች። ጫማ ጠጋኙ ተነስቶ ተቀበላት፤ ፊቱ ላይ ጠባሳ እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር አለችው። ውስጥ ገብታ ከኋላ መደርደሪያ እንዝርት ሳትነካቸው የተዋቻቸውን አወረደች፤ ዓይናቸው ጉንጫቸው ላይ የወረደባቸውን፣ ጅራታቸው በሆድ የመጣባቸውን። አንዱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ሳቋ ሲመጣ ወንበር አስፈልጓት ተቀመጠች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ እንባው አላቋረጠም፤ እንዝርትም አላቋረጠቻትም።

ከዚያ ተነጋገሩ። እትዬ ሰኞና ረቡዕ ትመጣለች፤ ሌላው ቀን የራሷ ነው። ምን እንደምታደርግበት ገና አታውቅም፤ መጀመሪያ ቤቴን ልየው፣ ለካ ግድግዳው ቆሽሿል አለች። በመጀመሪያው ረቡዕ አንድ ክንፍ ሰፍታ አስቀመጠች። እንዝርት አነሳችው። ዓይን ቢድንም እጅ ከለመደው ልቅነት በአንድ ጊዜ አይመለስም። ክንፉን ያዘች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና ያዘች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች።

"እትዬ" አለች በመጨረሻ፤ "ይሄን ተርትሪው።"

እትዬ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። ክንፉን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዙራ ተመለከተችው። ፊቷ ጠቆረ። ግን ተረተረችው፤ እስከ ምሳ ሰዓትም መልሳ ሰፋችው። ስትጨርስ ወረወረችላት። እንዝርት ሳበችው፤ አልለቀቀም። እንዝርትም እግዜር ይስጥልኝ አላለችም፤ እትዬም አልጠበቀችም። ሁለቱም ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ክፍሉ ግን እስከ ማታ ድረስ እንደ ለቅሶ ቤት ከበድ ብሎ ዋለ።

ሌላ የቲያትር ሥራ እስካሁን አልመጣም። እንዝርት በየመንገዱ ባየችው የአዲሱ ጨዋታ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ የአሻንጉሊቶቹን ፊት ቀና ብላ ታያለች፤ የሌላ ሰው እጅ ነው፤ ሁሉም ይስቃሉ። ያንገበግባታል።

ጠዋቶቿ ግን ተመልሰውላታል። መጀመሪያ ምን እንደምታደርግባቸው አላወቀችም ነበር። የተበጠረ ጸጉር እንደገና ታበጥራለች፣ የታሰረ የጫማ ክር ፈትታ ታስራለች፤ ትልቋ ልጅ እማ ሥራ የለሽም እንዴ እስክትላት። አሁን ልጆቹን ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ድንቡሼው መንገድ ላይ የሚያየው ብዙ ነው፤ ድመት፣ የውሃ ጉድጓድ ክዳን፣ ከግንብ የወጣ ሣር። እጇን ጎተት ያደርጋትና፣ "ቀስ በይ እማ" ይላታል። ቀስ ትላለች። ድመቷንም ታያለች። እስከ መታጠፊያው ድረስ እንደ ሰው ትራመዳለች፤ ከመታጠፊያው በኋላ ግን ሳታውቀው እግሯ ይቀድማታል፣ ልጁ ሱክ ሱክ እያለ ይከተላታል፣ ትልቋም ከኋላ ሆና ቦርሳዋን እያስተካከለች፣ "እማ" ትላለች፤ "ገና ነው፤ ደወሉ አልተደወለም።"